ከሰበታ ሱሉልታ በኑግ ዘይት ፍሬን

ሐሙስ፣ ሳይነጋ፤ አዲሱ ገበያ

የእርጎ ቤቴን በር ቆልፌ ስወጣ ገና አልነጋም። ቢከፈትም የሚሸጥ የለው። ደንበኞቼ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ይቀልዱብኝ ከጀመሩ ሰንብተዋል። እኔ ግን ላሞቹ የት እንዳሉ ደህና አድርጌ አውቃለሁ፤ ሱሉልታ፣ ኦቦ ደበሌ ግቢ ናቸው።

ወተቴ ከዚያ ነው የሚመጣው፣ ልጆቼ ሳይጎረምሱ ጀምሮ። ይኸ ከተማውን ወደ ገበሬው መሬት ያሰፋል የሚባለው ማስተር ፕላን ከመጣ ወዲህ ግን በተቃውሞው የተነሣ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። ወተቱን የሚያመላልስልን ባለመኪና «መኪናዬ ከምትቃጠል ወተታችሁ ይደፋ» ብሎ ቀረ። እውነትም ተደፋ። ባለፈው ሰሞን ኦቦ ደበሌ ደወሉልኝ።

«ዘውዴ፣ የምትጭኚበት ካላገኘሽ ላሞቹን ለቅዳሜ ገበያ አወጣቸዋለሁ» አሉኝ። «መሬቱን ይወስዱታል ይባላል፤ ወተቱን ደግሞ መሬት እየጠጣው ነው። ሰው ስንቱን ይችላል?»

«ጉራቲንም?» አልኳቸው። ጉራቲ ጥቁሯ ላም ናት፤ እርጎዬ በማንኪያ የሚቆረጠው በእሷ ወተት ነው።

«መጀመሪያ እሷን» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው ዝግ ነው።

እኔም ባጃጅ ነድቼ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝና፣ የምትሸጥ ትንሽ የጭነት ተሽከርካሪ አለች ሲሉ ሰምቼ ወደ ሰበታ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ትልቅ መኪና አቅሜ አይደለም፤ ትንሽ ነገር ደግሞ በዚህ ጊዜ ማንም ዓይኑን አይጥልበትም ብዬ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፤ ሰበታ

ረዳቱ «ሰበታ፣ ሰበታ፣ መንገድ ሰላም ነው» እያለ ይጣራል፤ ታሪፉ ግን ሰላም እንዳልሆነ ይናገራል። ፉሪ ኮረብታ ላይ ጣሪያ ያልደረሳቸው ቤቶች፣ በመካከላቸው የጤፍ ማሳ። ዓለም ገና አስፋልቱ ላይ ጎማ የተቃጠለበት ጥቁር ክብ። መንገደኛው ሁሉ በመስኮት ያያል።

ሻጩ አቶ ታደሰ ይባላሉ። የጎንደር ሰው፣ የፋብሪካ ጡረተኛ፣ ጓሯቸው ውስጥ ትንሽ የኑግ መጭመቂያ ያላቸው። የተሸፈነችበትን ሸራ ገለጡልኝ። በጃንሆይ ዘመን ለዳቦ ማከፋፈያ ከጣሊያን አገር የመጣች ባለሦስት እግር ናት፤ አፍንጫዋ ክብ፣ መሪዋ የሞተር ሳይክል፣ ከኋላዋ ንጹሕ የጭነት ሳጥን። ቀለሟ የበሰለ ሎሚ ይመስላል። ዛሬ ያለው ልጅ ሁሉ ባጃጅ ይላታል፤ እሷ ግን በዕድሜ ለባጃጆቹ እናት ትሆናቸዋለች።

«ፍሬኗስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«ባለፈው ሳምንት ዘይት ሞልቼላታለሁ» አሉኝ በኩራት። «ልጄ፣ እኔ ይቺን ከሰው ለይቼ አላያትም።» ከዚያም ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረጉና ፊታቸውን አዞሩ። ያለቀሱ መስሎኛል።

ግቢያቸው ውስጥ ነድቼ ሞከርኳት፣ ቆመች። የቸኮለ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይሞክራል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፤ ቡራዩ

ገና ዓለም ገና ሳልደርስ ፔዳሏ መስመጥ ጀመረች። አንዴ ስረግጥ የለችም፣ ሦስቴ ስረግጥ በግድ ትመጣለች። አንድ የታክሲ ሹፌር ጎኔ ቆሞ አዳመጣትና «እናቴ፣ ለእንዲህ ያለ አሮጌ ፍሬን ቡራዩ ሸምሱ አለልሽ። ቀስ እያልሽ ሂጂ» አለኝ። ቀስ እያልኩ፣ ዳር ዳሩን፣ መላእክቱን ሁሉ በስም እየጠራሁ ሄድኩ። እስከ አስኮ ደህና ነበር። ቡራዩ ገብቼ ወደ ሸምሱ ጋራዥ የሚወስደውን ቁልቁለት ስጀምር ግን ፔዳሏ ወለሉ ላይ ተኛችና ቀረች።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። በነዚህ ከተሞች የማይገነባ የለም፤ ከጋራዡ ትይዩ አንድ ሰው ቤት ሊሠራ ያስደፋው የአሸዋ ክምር አለ። መሪዋን ወደዚያ አዞርኩ። አፍንጫዋን አሸዋው ውስጥ ቀብራ ቆመች። እኔም በጉልበቴ ተንበርክኬ መሬቱን ልስም ምንም አልቀረኝ።

አንድ ቀጭን፣ ረዥም ሰው ከጋራዡ ወጣ። ሸምሱ እሱ ነው፤ ቤተሰቡ ከፊት መለዋወጫ ይሸጣል፣ እሱ ከኋላ ይጠግናል። የሱቁ በር በዚያ ሰሞን እንደሁሉም ሱቅ ግማሹ ዝግ ነው። ሰላምታውን ሳይጨርስ ተንበርክኮ የኋላ ጎማዋን አሸተተ።

«እትዬ፣ ምሳ ይዘው ነው እንዴ የመጡት?» አለኝ። «የጾም ወጥ ሸተተኝ።»

ጎማውን አውጥቶ ታምቡሩን ሲከፍተው የፍሬኑ ሸራ በዘይት ርሷል። ፒስተኑ ያለበት ደግሞ ቡናማ ሙጫ ሆኗል፤ ጎሚኒው፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ፣ አብጦ ተበልቷል። በጣቱ ነክቶ ቀመሰውና ሳቁን መያዝ አቃተው። «ኑግ ነው!»

አቶ ታደሰ ጋ ደወልኩ። «የምን ዘይት ነው የሞሉላት?»

«የኑግ ነዋ» አሉ። «እኛው ቤት የተጨመቀ፣ ንጹሕ። ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ የፍሬን ዘይት ከየት ላምጣ? እኔ የምበላውን ነው ያበላኋት።»

ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር። ይኸን ሲሉኝ ምን ብዬ ልቆጣ?

ሸምሱ ሁሉን ነገር በቤንዚን አጠበ። ለእሷ የሚሆን ጎሚኒ አገር ውስጥ የለም፤ ከሌላ መኪና ጎሚኒ ወስዶ፣ በምላጭ እየላገ፣ እያስገባ እያወጣ ልክ አደረገው። ሸራውንም ከከባድ መኪና ሸራ በመጋዝ ቆርጦ አስተካከለ። ሸራው ብረቱ ላይ በሪቬት፣ በትንንሽ ምስማር፣ የሚመታ ነው። እዚህ ላይ ሲደርስ መዶሻውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው?» አልኩት።

በአገጩ ወደ መንገዱ አመለከተኝ። ከአሸዋው ክምር ወዲያ የለቅሶ ድንኳን ተተክሏል፤ አሸዋው የማን እንደሆነ ያኔ ነገረኝ። ቤት ሊሠራ የነበረው ልጅ በዚያው ሳምንት ሰልፍ ላይ ተገድሏል። እናቱ ድንኳኑ ውስጥ ናት።

«ከዚያ ወዲህ እዚህ ሰፈር ብረት የሚደበድብ የለም» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ማንም አላዘዘንም። ድም ባለ ቁጥር እሷ ትደነግጣለች።»

ከዚያ እያንዳንዱን ሪቬት በሞርሳ፣ በብረት መቆንጠጫው፣ ይጨምቀው ጀመር። በመዶሻ አንድ ምት የሚበቃውን፣ የሞርሳውን እጀታ በሁለት እጁ እየጠመዘዘ፣ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ፣ ትንፍሽ ሳይል። እንዲያ ሲሠራ አመሸ። ብዙ ጋራዥ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም። እኔን ያቆመኝ አሸዋ የሟቹ ነውና ከሸምሱ ሚስት ጋር ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ አብሬያቸውም አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት፤ ከቡራዩ ወደ እንጦጦ ዳገት

በሸምሱ ቤት አድሬ ስነሣ የፍሬኗ ሥራ አልቋል፤ አየሩም ወጥቷል፣ ዘይቱም የደንቡ ዘይት ነው። ደህና ሁን ልለው ስዘጋጅ ሰውየው ጃኬቱን ደርቦ የጭነት ሳጥኑ ውስጥ ገባ።

«የት ነው?»

«ሱሉልታ ነዋ። ፍሬን የሠራ ሰው በመጀመሪያው ቁልቁለት ከኋላ ይቀመጣል። የአባቴ ደንብ ነው። ካልሠራ አብሬ ልገልበጥ።»

«መንገዱ ጥሩ አይደለም እኮ» አልኩት።

«ለዚያም ቢሆን አፋን ኦሮሞ የሚያወራ አይጠላም» አለኝ።

ውይ፣ እንዲህ ያለ ሰው እናቱ ትባረክ። አዲሱ ገበያ ቆመን ባዶ የወተት ጣሳዎቼን ጫንን፤ ሸምሱ መካከላቸው ተወሽቆ ተቀመጠ። ከዚያ ዳገቱ። ባሕር ዛፉ ግራና ቀኝ፣ ሞተሯ እያቃሰተች። ልምምድ ላይ ያሉ ሯጮች ከኋላችን መጡ፣ ደረሱብን፣ አልፈውን ሄዱ። አንዷማ ዞር ብላ «ልግፋችሁ?» አለችን።

አናቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሯል። ወጣቶች ከበቡን፤ ፊታቸው ቁጣም ድካምም አለው። አንዱ ጣሳውን በእግሩ ነካ አደረገና ምን እንደጫንን ጠየቀ። «አናን» አላቸው ሸምሱ፤ ወተት ማለቱ ነው። የኦቦ ደበሌን ስም ጨመረላቸው፣ ከቡራዩ ከየትኛው ሰፈር እንደመጣም ነገራቸው። የሰፈሩን ስም ሲሰሙ ጣሳውን የነካው ልጅ እግሩን ሰበሰበ። የሟቹ ስም ደርሷቸዋል። ከዚያ ጎንበስ ብለው ለእኛ ማለፊያ የሚበቃ ድንጋይ አነሡልን።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ፤ ሱሉልታ

ቁልቁለቱን ጀመርን። ሜዳው ወለል ብሎ ይታያል፤ የሣር ክምር፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጭስ። ፔዳሏን ነካ ሳደርጋት ትይዛለች፣ ስለቃት ትሄዳለች። ከኋላ ሸምሱ «ልቀቂ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» ይላል፤ እርስዎ ማለቱን ፍርሃት አስረስቶታል።

መታጠፊያውን እንደጨረስን ከአቧራው መንገድ ላሞች አስፋልቱ ላይ ግልብጥ አሉ። በሙሉ ኃይሌ ረገጥኩ። ጣሳዎቹ ተንጋግተው ወደፊት መጡ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ቆመች።

ከመስታወቱ ፊት አንዲት ጥቁር ላም ቆማለች። ትንፋሿ መስታወቱን ጉም አልብሶታል። ጉራቲ ናት። ከጎኗ ኦቦ ደበሌ፣ በትራቸው ትከሻቸው ላይ። ለነገው ገበያ ዛሬ ማስኬዳቸው ነው። ለገበያ የምትወጣ ላም ደግሞ አትታለብም፤ ገዢ እንዲያየው ጡቷ ተወጥሮ ነው የምትሄደው።

ሸምሱ ወርዶ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ጎማዎቹን አየ። ከዚያ ተነሥቶ ሣቀ። ኦቦ ደበሌ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ ሎሚ መሳይዋን ባለሦስት እግር፣ በመጨረሻ ባዶ ጣሳዎቹን አዩ። እኔን ያዩኝ ከሁሉ በኋላ ነው።

«ይቺ ነች የምትጭነው?» አሉ።

«እሷ ናት፣ ኦቦ ደበሌ።»

«ቁሚ ስትባል ትቆማለች?»

«አሁን አይተዋታል እኮ» አልኳቸው። እንባዬ መጣ፤ ማን ይደብቀዋል።

ኦቦ ደበሌ በትራቸውን ከትከሻቸው አወረዱና የጉራቲን ጎን ቀስ አድርገው ነኩ።

«ገሊ» አሏት። ግቢ፣ ወደ ቤትሽ ማለት ነው።

ጉራቲ ዞረች። ሌሎቹም ተከተሏት። እኛም በላም እርምጃ፣ እኔ እግሬን ከፔዳሏ ሳላነሣ፣ ከኋላቸው ሄድን። ያን ማታ ጣሳዎቹ ሁሉ ሞሉ።