ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ የሚንቋቋው ወንበር

ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይላታል። ዶክተር አይደለችም። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ እያለች ሃያ ዓመት ሙሉ አስረድታ፣ ሲደክማት ተወችው። ከጀርባዋ ደግሞ «እትዬ ይለፍ» ነው የሚሏት። እንቅልፍ ያጣውም፣ ባሏን የጠረጠረችውም፣ ከአለቃው የተኳረፈውም እሷ ዘንድ ከገባ የሚሰማው ያንኑ ነው፦ ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ትንፋሽዎን ያዳምጡ፣ ሐሳብ ሲመጣ አይጣሉት፣ አይከተሉት፣ ይለፍ። ቀልድ ይመስላል እንጂ ስንቱ ተሽሎት ሄዷል።

ይህን አስተውሎት የሚሉትን ነገር የተማረችው የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኙ ሁለት ነገር አሉ፦ ለታካሚ አስተምሩት፤ ለራሳችሁም በየቀኑ ጊዜ ሰጥታችሁ ተለማመዱት፣ የሰው ሐዘን ሲሰሙ መዋል ያደርቃልና። እሷ ጊዜ ከየት ታምጣ? በቀን ስምንት ሰው ታያለች። ስለዚህ ብልሃት ፈጠረች፤ ሁለቱን አንድ ላይ አደረገቻቸው። ታካሚው ዓይኑን ሲጨፍን እሷም ትጨፍናለች። አምስቱ ደቂቃ ለእሱ ሕክምና፣ ለእሷ ዕረፍት። ማን ያያል?

አንድ ቁልፍ ሠሪ በዚህ መሀል መጣ። ስድሳ የሞላው፣ ጣቶቹ ላይ የብረት ጥላሸት የማይለቅ ሰው ነው። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ እጁ እየተንቀጠቀጠ ቁልፍ መሞረድ አቅቶታል። መዝገቡ ላይ «ሐዘን» ብላ ጻፈች። ወንድምየው እንዴት እንደሞተ አልጠየቀችም፤ ሲደርስ ራሱ ይነግረኛል አለች።

በሦስተኛው ረቡዕ፣ አራት ሰዓት ላይ፣ ሁለቱም ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። የእሱ ወንበር የኋላ እግሩ ልል ስለሆነ ትንሽ ሲነቃነቁበት ይንቋቋል። ተንቋቋ። ከዚያ ሰውየው በቀጭን ድምፅ «በሩን…» አለ።

እሷ ዓይኗን አልገለጠችም። ያን ዕለት የመጀመሪያ ዕረፍቷ ነበር። «አሁን ለሐሳቡ አይመልሱለት፣ ጋሼ። ይለፍ። ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ» አለችው። እሱም ተመለሰ። ሰዓቱ ሲያልቅ አመስግኖ፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።

የክሊኒኩ ደንብ የቀረ ሰው ይደወልለት ይላል። አልደወለችም። ደውላ «የለም» ቢሏትስ? ይህ «የለም» የሚሉት ቃል ስንት ትርጉም እንዳለው ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

የወንበሩ ድምፅ ግን መጣ። ረቡዕ አራት ሰዓት ሲሆን ለሌላ ሰው ቀጠሮ ልትጽፍ ስትል እጇ እንቢ አለ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትቀመጣለች፣ ወንበሩም ይንቋቋል። ጠጋ ብላ ታየዋለች፤ ማንም የለበትም። የጽዳት ሠራተኛዋ እግሩ ሥር ካርቶን አጥፋ ሰካችበት። ያም ሆኖ ይንቋቋል። ቤቷ ገብታ ልብስ ስታጥፍ «በሩን…» የሚል ትሰማለች። በሩን ምን? ይከፈት? ይዘጋ? ማን መጣ? ያኔ ዓይኗን ትጨፍንና በሙያዋ ራሷን ታክማለች፦ ይህ ሐሳብ ነው፣ ይለፍ። ያልፋል። ዞሮ ይመጣል።

የክሊኒኩ ባለሙያዎች በወር አንድ ቀን እርስ በርስ ይደማመጣሉ፤ የከበዳቸውን ያወጣሉ። የእሷ ተራ ሲደርስ አጠገቧ ባለው ክፍል የሚሠራው ሸበቶ ባልደረባዋ እስከ መጨረሻው ሰምቷት፣ ሐሳቡ ሲመጣ ምን እንደምታደርግ ጠየቃት። ይለፍ እለዋለሁ አለችው። በቀን ስንት ጊዜ? ሠላሳ ቢሆን ነው።

«እህቴ፣ ይሄማ ማስተዋል አይደለም፣ ዝንብ ማባረር ነው» አላት። «እስቲ አንድ ቀን ተይውና የት እንደሚያርፍ እዪው።»

ሳቀች። ክፍሏ ገብታ ግን ዓይኗን ሳትጨፍን ወንበሩ ፊት ተቀመጠች። ተንቋቋ። ይለፍ አላለችም። ስልኩን አንስታ ቁልፍ ሠሪው ቤት ደወለች።

ያነሳችው ባለቤቱ ነች። ደግሞ ምርቃቱን አወረደችው። እግዜር ይስጥልን ዶክተር፣ ድኗል አለች። አያለቅስም፣ አያወራም፤ የወንድሙ ስም ከተነሳ ዓይኑን ጨፍኖ «ይለፍ» ይላል። ልጆቹ ሲጣሉም ይለፍ፣ ወጡ ሲያርም ይለፍ። እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ባል አግብታ እንደማታውቅ ተናገረች።

«ብቻ…» አለች ባለቤቱ።

«ብቻ ምን?»

«ብቻ የቤቱን ቁልፍ በሙሉ ነቅሎ ጣለው። የመኝታ ቤቱን፣ የጓዳውን፣ የውጭውን በር። ሽንት ቤት እንኳ እየዘፈንን ነው የምንገባው።»

ዶክተሯ መሳቅ አቃታት። ረቡዕ ይምጡልኝ ብላ ዘጋች።

መጣ። ከስቷል። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ ሳይታዘዝ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አንጨፍንም» አለችው። «ያን ቀን ‹በሩን› ብለው ጀምረው ነበር። ያቋረጥኩዎት እኔ ነኝ። ደክሞኝ ነበር።»

ዓይኑን ገለጠ።

«አውቃለሁ» አለ። «ገለጥ አድርጌ አየሁሽ። አንቺም ጨፍነሻል። የተኛሽ መስሎኝ ልቀሰቅስሽ አልፈለግሁም።»

ሰውየው የወንበሩን እጀታ በሁለት እጁ ይዞ ነበርና ጣቶቹ ሲንቀጠቀጡ እንጨቱ አብሮ ይንቋቋ ጀመር።

«ወንድሜም ተኝቶ ነበር» አለ። «ሱቁ ጓዳ ውስጥ። አስም ነበረበት፣ ሌሊቱን ሲያስለው አድሮ ምሳ ሰዓት ላይ ገና ዓይኑን መክደኑ ነው። ደንበኛ ገብቶ እንዳይቀሰቅሰው ብዬ በሩን ከውጭ ቆለፍኩት። በራሴ ቁልፍ። ማንም ከውስጥ የማይከፍተው ብዬ የምኩራራበት። ምሳዬን በልቼ ስመለስ…» እጁን ከእጀታው ላይ አነሳ። «አንቺ ደሞ ትንፋሽዎን ያዳምጡ ትይኛለሽ። የማን ትንፋሽ የምሰማ ይመስልሻል?»

ይለፍ አላለችም። አይዞዎትም አላለችም። ወደ ትንፋሽዋም አልሮጠችም። ዓይኗን ገልጣ፣ ጥላሸት የያዘውን ጣት እያየች፣ ሰውየው አልቅሶ እስኪጨርስ ተቀመጠች። ወንድሙን መልሳ እንደማትሰጠው ሁለቱም ያውቃሉ። ሰዓቱ አልቆ የሚቀጥለው ታካሚ ኮሪደሩ ላይ ሲያጉረመርም እንኳ አልተነሳችም።

ሰውየው ሲወጣ ባርኔጣውን ይዞ በሩ አጠገብ ቆመ። የቁልፉን ቀዳዳ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ ሙያ ነውና።

«ይሠራል?» አላት።

«ይሠራል።»

«እስከ ረቡዕ አትቆልፊው።»

አልቆለፈችውም። ዘበኛው ክፍት አድርገሽ ትሄጃለሽ ብሎ ሁለት ጊዜ ተቆጣት። ካርቶኑንም ከወንበሩ እግር ሥር ራሷ አወጣችው። ሲንቋቋ አሁንም ትሰማዋለች፤ ቀና ብላ ታየዋለች እንጂ ይለፍ አትለውም።