ከካምፑ ያልመጣው ጠበል

የበደለችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። ጊዜው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 2016፣ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ እሑድ ነው። ቦታው አሜሪካ፣ አትላንታ ዳርቻ ያለችው ሮዝዌል፣ የራሷ ሳሎን። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በኋላ ሌላ ሌላው ሲወራ ማን ምን እንዳደረገ እንዳይድበሰበስ ነው።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ዕረፍት እወጣ ነበር። የምሠራው ሆቴል ውስጥ ክፍል በማጽዳት ነው። ጓደኛዬን ያገኘኋት እዚያው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ እሷም የአገሬ ልጅ ናት። ጓደኛዬ የምላት ሌላ ቃል ስለሌለኝ ነው። ለሰው ዓይን ስንል እኔ ቻምብሊ፣ እሷ ደንዉዲ በሚባሉ ሰፈሮች ለየብቻ እንኖር ነበር።

ስለ ካምፑ የሰማችው እሷ ናት። ከከተማው በስተሰሜን ሦስት ሰዓት የሚያስነዳ፣ ተራራ ሥር ያለ ቦታ ነው። የሚሄዱበት ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ልብስ ማውለቅ ለፈለገ ይፈቀዳል፤ ያልፈለገ ለብሶ ይቀመጣል።

«አብደሻል?» አልኳት። «በዚህ ዕድሜዬ?»

«አንቺ ለብሰሽ ትቀመጫለሽ። ማን ያስወልቅሻል? ደግሞ እዚያ ሐበሻ አይመጣም።»

ያሸነፈችኝ በዚህች በመጨረሻዋ ነው።

በሩ ላይ አንዲት ሴት የመኪናችን መስተዋት ላይ የካምፑ ስም ያለበት ካርድ አንጠለጠለችና የስልኮቻችንን ካሜራ በፕላስተር ሸፈነች። ፎቶ ክልክል ነው አለችን። ትንሽ ቀለል ያለኝ ያን ፕላስተር ሳይ ነው። ገባ እንዳልን የወጥ ቤት ሽርጥ ብቻ ያሰረ ሽማግሌ ቋሊማ እየጠበሰ «እንደምን አደራችሁ» አለን። ዛፉን እያየሁ መለስኩለት። ሲዞር ሽርጡ ከኋላ ምንም እንደማይሸፍን አየሁ፤ ጓደኛዬ እስክታነባ ሳቀች።

በአጠቃላይ አምስት ነሐሴ ሄድኩ። አምስቱንም ረጅም ቀሚስ ለብሼ፣ ነጠላ ደርቤ፣ መዋኛው ዳር ተቀመጥኩ። ደስ አላለኝም ብዬ አልዋሽም። እጇን ይዤ የምቀመጥበት ሌላ ቦታ አልነበረኝም። ግን መኪና በበሩ በገባ ቁጥር ከወንበሬ እነሣለሁ።

«ቁጭ በይ እንጂ! ሹፌሩን በጎማው ልታውቂው ነው?» ትለኛለች።

አንድ ዓመት ካምፑን ትተን ፍሎሪዳ፣ እንደዚሁ የእኛ ቢጤ ወደሚበዛበት የባሕር ዳር ከተማ ሄድን። እዚያ ባሰብኝ። መብራት ላይ ቆመን ሳለ ከአንድ ታክሲ ውስጥ ስልክ ላይ አማርኛ የሚያወራ ሰው ሰማሁና እጇን ወርውሬ ለቀቅኩ። ሰውየው ቀና ብሎም አላየን። እሷ ግን እስከ እራት ድረስ አላናገረችኝም።

አሁን ወደ ወንድሜ ሚስት ልመለስ። ነሐሴ ላይ ስልኬን ዘግቼ እንደምጠፋ ስታይ ሱባኤ ገብታለች ብላ ለማኅበራችን ሴቶች ያወራችው ራሷ ናት። አንድ ሩቅ ገዳም ትሄዳለች ብላም ጨመረች። እኔ አላልኩም፤ ግን አይደለም ብዬም አላረምኩም። ጥፋቴ ይህ ነው፤ እቀበለዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ስገባ ይነሡልኝ ጀመር። «በጸሎትሽ አስቢን» ሲሉኝ እሺ እላለሁ። እሺ ስላልኩም እያንዳንዷን እየጠራሁ ድንኳኑ ውስጥ ጸለይኩ። ጾሙንም አልሻርኩም።

«ይሄ ሁሉ ሥጋ ፊትሽ ወዲያ ወዲህ እያለ አንቺ ጾመኛ!» ትላለች ጓደኛዬ።

በ2016፣ ልንሄድ ሁለት ቀን ሲቀረን፣ የወንድሜ ሚስት የታጠቡ ሁለት ባዶ የወተት ጋሎኖች ይዛ ቻምብሊ መጣች። ከማኅበራችን አንዲት እማማ ጉልበታቸው ተይዞ መቆም አቅቷቸው ነበር።

«እትዬ፣ ለእማማ ከገዳሙ ጠበል ይዘውልኝ ይምጡ። እርስዎን ተስፋ አድርገዋል» አለችኝ።

ጋሎኖቹ ካምፑ ውስጥ ድንኳናችን በር ላይ ተቀምጠው ሰነበቱ። ሌሊት ስወጣ እግሬ ይመታቸዋል። ጓደኛዬ ሰለቻት።

«ከቧንቧው ቅጂባቸው። ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ። ሴትዮዋ አምነው ነው የሚጠጡት።»

«እንግዲያው አትላንታ ካለ ቤተ ክርስቲያን ቅጂ።»

«ከማኅበሩ አንዷ ታየኛለች። ከገዳም የመጣሽ ሴትዮ እዚህ ምን ትቀጃለሽ ብትለኝስ?»

ስንመለስ ሦስቱን ሰዓት ሙሉ የምናገረውን ስለማመድ መጣሁ። ሰው በዝቶ ጠበሉ አልደረሰኝም። ይኸው ብቻ። ማስረዘም ያጋልጣል።

እሑድ ሮዝዌል ደረስኩና ፓርክ አድርጌ ትንሽ መኪና ውስጥ ቆየሁ። የማኅበሩ ተራ የወንድሜ ሚስት ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ሰባት ሴቶች፣ ወንድሜና እማማ ነበሩ። እማማ ብርጭቋቸውን ከፊታቸው አስቀምጠዋል። ባዶዎቹን ጋሎኖች አቅርቤ እንደተለማመድኩት ተናገርኩ።

«ግድ የለም ልጄ፣ ከነገ ወዲያም ቀን ነው» አሉኝ እማማ።

የወንድሜ ሚስት ግን ከቡፌው መሳቢያ አንድ ካርድ አወጣች። ያን የካምፑን ካርድ። ባለፈው ጥር በረዶ በጣለ ጊዜ መኪናዋ ተበላሽታ የእኔን አውሻት ነበር፤ ያኔ ከወንበሩ ሥር አግኝታዋለች።

«አልደረሰሽም? እዚያ ካምፕ ውሃ ጠፋ?» አለችኝ። እርስዎ ማለቱን ያኔውኑ ተወችው። «ኦንላይን አየሁት እኮ። ራቁታቸውን የሚውሉበት ነው። ከማን ጋር እንደምትሄጂም አውቃለሁ።»

ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር መጣ፤ የመጣውም በሩቅ መኪና ሳይሆን ከመሳቢያ ነው። ግን ሌላ ነገር ታየኝ።

«ካርዱን ያገኘሽው በበረዶው ጊዜ ከሆነ ጋሎኖቹን ያመጣሽልኝ እያወቅሽ ነዋ» አልኳት።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ሞልቼ ባመጣውስ? እማማን ልታጠጫቸው ነበር?»

«ታመጪዋለሽ ብዬ ነበር» አለች። «ሰው ሁሉ እንዲያይሽ።»

እማማ ብርጭቋቸውን ቀስ ብለው ከፊታቸው ገፉት። እኔን ይሁን እሷን የተቀየሙት እስከ ዛሬ አላውቅም። ወንድሜን አየሁት። አንድ ቃል ቢናገር ይበቃኝ ነበር። ተነሥቶ ወደ ጋራዡ ወጣ።

«ካምፑ ሄጃለሁ» አልኩ ለሁሉም። «የሄድኩትም ከጓደኛዬ ጋር ነው። ጠበል ብዬ ግን የቧንቧ ውሃ አላመጣሁም።»

ከመኪናዬ ሆኜ ለጓደኛዬ ደወልኩና አወቁ አልኳት። «ዛሬ ኦፍ ነኝ፣ ልምጣ?» አለችኝ። ነይ አልኳት።

መስከረም ላይ ማኅበሩን ለቀቅኩ። የቻምብሊውን ቤት አስረክቤ ደንዉዲ ከእሷ ጋር ገባሁ። የቤት ኪራይ ውሉ ላይ ሁለታችንም ፈረምን። ወንድሜ ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ አላነሣሁለትም።