ለወይዘሮ ባሎቴ ያላነበብኩላት መስመር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አርባ ዓመት አብራኝ ለኖረችው ሟች ባለቤቴ አልነገርኩም። በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌነት ባገለገልኩበት ዘመንም የሌሎችን በደል ተቀምጬ እያዳመጥኩ፣ እየገሠጽኩ፣ የራሴን ውጬ ወደ ቤቴ ስገባ ኖሬአለሁ። አንባቢ ሆይ፣ እንድትራራልኝ አልጽፍም። በሶዶ ከተማ «አስተዋዩ መምህር» እያሉ የሚያከብሩኝን ሰዎች ስሰማ ደሜ ይፈላል፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በደርግ ጊዜ፣ በሰሜን ጦርነት በነበረበት ዘመን፣ ከቦዲቲ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ፊደል ካስቆጠርኳቸው አንዱ አልታዬ ለውትድርና ሄደ። እናቱ ወይዘሮ ባሎቴ ባሏ የሞተባት፣ ከወላይትኛ በቀር ሌላ ቋንቋ የማትሰማ፣ ማንበብ የማትችል ሴት ነበረች። አልታዬ ደግሞ መጻፍ የተማረው በአማርኛ ብቻ ነው፤ ያስተማርኩትም እኔ ነኝ። እሱ በአማርኛ ይጽፋል፤ እኔ በወላይትኛ እነግራታለሁ። እሷ በወላይትኛ ትናገራለች፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ እናትና ልጅ የሚገናኙት በእኔ በኩል ብቻ ነበር። ደብዳቤዎቹንም የምታስቀምጠው እኔ ዘንድ ነበር።

ያን ደብዳቤ ቆስሎ የተመለሰ አንድ የአረካ ወታደር በእጁ አመጣው። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈ ነው ብዬ ለዓመታት አስታውሰው ነበር። ባለፈው ሳምንት ከሣጥኔ ሳወጣው ግን በእርሳስ የተጻፈ ሆኖ አገኘሁት። አፍሬ የምናገረው ነገር፣ በዚህ ደስ አለኝ። ትዝታዬ በእርሳሱ ከተሳሳተ፣ በቀረውም ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። መነጽሬን ጠርጌ አነበብኩ። አልተሳሳተም። መስመሩ በቦታው አለ፦

«መምህር፣ ይህን ለእናቴ ለብቻዋ ይንገሩልኝ። እዚህ የሚመጡልን አዳዲስ ልጆች ከገበያ የታፈሱ ናቸው። ማቴዎስ ገበያ አይውጣ። ሁምቦ ያለው አጎታችን ዘንድ ቶሎ ትላከው። እኔ ጥይቱን ለምጄዋለሁ፤ የምፈራው ወንድሜን እዚህ ማየት ነው።»

ማቴዎስ ታናሽ ወንድሙ ነበር። ወይዘሮ ባሎቴ እንሰት ስትፍቅ ከዋለችበት በቀጥታ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ሰላምታውን ነገርኳት። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ።

«ምን አለ ጎዳ? ታሟል እንዴ?» አለችኝ። ጎዳ ማለት በእኛ ዘንድ ጌታዬ እንደማለት ነው።

«ደህና ነው» አልኳት። «እናቴን ጀርባዋን ያማታልና ሸክሙን ማቴዎስ ይሸከምላት ይላል።»

ሳቀች። «እዚያ ሆኖም ቤቱን እሱ ያስተዳድራል! ቁርጥ አባቱን።»

ያን ቃል ማን ሰጠኝ? ፈርቼ መስመሩን ዘልዬ ቢሆን ኖሮ ፈሪ ብቻ እባል ነበር። እኔ ግን ዘልዬ በምትኩ ሌላ ቃል አስገባሁ፤ በልጁ አፍ ልጁ ያላለውን ተናገርኩ። ማቴዎስ ቢሰወር የቀበሌው ሰዎች ደብዳቤውን ማን አነበበላት ብለው ይጠይቃሉ፣ አንባቢውም እኔ ብቻ መሆኔን አገር ያውቃል ብዬ ሰጋሁ። ደመወዜን፣ ወንበሬን፣ ስሜን አሰብኩ። ታዲያ የደብዳቤውን ቃል ከእኔና ከጻፈው ልጅ በቀር ማን አይቶት ነበር? ማንም። ማንስ አስፈራራኝ? ማንም። ይህን ጥንቃቄ ብዬ ስጠራው ኖሬአለሁ። ጥንቃቄ አይደለም።

መልሱን ጻፍልኝ አለችኝ። «ማቴዎስ እንዳዘዝከው ያደርጋል በልልኝ።» ቃል በቃል ጻፍኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ታማኝ ትርጉም ሠርቼ አላውቅም! አልታዬ ምሽጉ ውስጥ ሆኖ ያን ሲያነብ ወንድሙ ሁምቦ እንደ ደረሰ አምኖ እፎይ ብሏል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ማቴዎስ የእናቱን ቦዬ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ በትከሻው ተሸክሞ ቦዲቲ ወጣ። ከዚያ በፊት ገበያ የምትወጣው እሷ ነበረች። ገበያው ተከበበ፤ ወጣቶቹ በመኪና ተጫኑ። ቦዬውን ጎረቤት መለሰላት። ከማቴዎስ ግን አንድም ደብዳቤ አልመጣም፤ እሱም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ብጨርስ በደሌ ግማሽ በሆነ ነበር። ጦርነቱ አብቅቶ አልታዬ እያነከሰ ተመለሰ። ለምን ወደ አጎቴ አልላክሽውም ብሎ እናቱን ጠየቀ። ሸክሙን ይሸከም ያልከው አንተ አይደለህም ወይ አለችው። እሱ ትዋሻለች አለ፤ እሷም ልጄን በትእዛዙ አስበልቶ ይክዳል አለች። ጎረቤት ሽማግሌ ይግባ ብሎ እኔን ጠራ። እኔን! በሁለቱ መካከል ተቀመጥኩ። አልታዬ ዐይኔን እያየ፣

«መምህር፣ ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ምን ይል ነበር?» አለኝ።

«ልጄ፣ ዘመኑ ረዝሟል፤ አላስታውስም» አልኩት። «ደብዳቤውም ጠፍቶብኛል።»

አስታውስ ነበር። እያንዳንዱን ፊደል አስታውስ ነበር። ዛሬ ትናንት ማን እንደ ጠየቀኝ እረሳለሁ፤ ያን ቀን ግን አእምሮዬ ሙሉ ነበር። አላስታውስም አልኩ፤ እነሱም የተማረ ሰው አይዋሽም ብለው አመኑኝ። ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ በአንድ ግቢ እየኖሩ አልተነጋገሩም። ምግቡን ደጃፉ ላይ አስቀምጣለት ትመለስ ነበር። እንደዚያው እንዳኮረፈችው ሞተች። በቀብሯ ላይ ጸሎቱን የመራሁት እኔ ነኝ።

አልታዬ ዛሬ እዚሁ ሶዶ አለ፤ እሁድ እሁድ ከፊቴ ሁለት ወንበር ቀድሞ ይቀመጣል። ሲያየኝ ባርኔጣውን ያወልቃል። በዚህ እሁድ ደብዳቤውን በእጁ እሰጠዋለሁ። ይቅር በለኝ ብዬ አልጀምርም፤ ይህ ቃል ከቀደመ፣ ያ ሰው በትሕትናው ሳያነብ ይቅር ይለኛልና። መጀመሪያ ያንብብ። የጻፈውን ራሱ ማንበብ ይችላል፤ እኔ አላስፈልገውም።

ለወይዘሮ ባሎቴ ግን የሚያነብላት የለም።