መቶ ስልሳ ሁለት ኪሎ

በአዳኞች ማኅበር ግድግዳ ላይ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የነገሠው የጢሞ ከርከሮ ነበር፤ መቶ አርባ ኪሎ። ፎቶው ላይ ግን በሬ ያህላል፤ ጢሞ እንደ አዳኝ ሁሉ ከከርከሮው ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቶ ነው የተነሣው።

ዛሬ አንድ የማያውቃቸው ሽማግሌ ከርከሮ በጋሪ ጭነው መጡ። የለበሱት የሴት የአደን ካፖርት ነው፤ እጅጌው ክንዳቸው ላይ ቀርቷል። ሚዛኑ መቶ ስልሳ ሁለት ሲል የጢሞ ፊት ከሰል መሰለ።

“አባባ፣ ራቅ ብለው ይቀመጡ እንጂ! እንዲህ ተለጥፈውበት እኮ ያንስብዎታል” አላቸው ፎቶ አንሺው።

ሽማግሌው ከርከሮውን እንደ ትራስ ተደግፈው አጭሩን እጅጌ ጎተት ጎተት አደረጉ።

“ይነስ ልጄ። የማሳየው ለባለቤቴ ነው። እግሯ ሳይከዳት በፊት አብረን ነበር የምናድነው፤ ሳጋንን ወዲያው ታውቅብኛለች።”

ጢሞ እንከን ፈልጎ አጣ። ጥይቱ እንኳ አንድ ብቻ ነው፤ ከጆሮው ሥር ገብቷል። ‘ሚዛኑ ነው’ አለ በሆዱ፤ ‘ይኼ ሚዛን ድሮም ያበዛል።’ ሰው ሁሉ ሲበተን ዙሪያውን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ ራሱ ወጣበት።

ሰማንያ አንድ። ትናንት ሐኪም ቤት ከተመዘነው ላይ ሚዛኑ ግራም እንኳ አልጨመረለትም።