የድስቱ ጥላሸት

ልጄ የእንግሊዝኛ መጽሐፏን እያነበበች ቀና አለችና ፈረንጆቹ አንድ ሰው ከሌላው ተለይቶ ሲታይ «ዓይን ያዘ» እንደሚሉ ነገረችኝ። ትምህርት ገና ሳልጀማምረው የተውኩ ነኝና ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ ብዬ ጠየቅኋት። «ሙገሳ ነዋ እማዬ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔን ግን የድስት ጥላሸት ሸተተኝ።

ልጅ እያለሁ አርብ ገበያ ስንሄድ እናቴ የድስቱን ቂጥ በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ ግንባሬንና ጉንጬን ትቀባኝ ነበር። የምታለብሰኝም የተጣፈውን ቀሚስ ነው። ባለቅስም አትሰማኝ። እኩዮቼ «ድስቷ መጣች» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ አርብ ታዲያ መንገድ ላይ ዝናብ መጣብንና ጥላሸቱ ታጥቦ ወረደ። እናቴ ገብስ የጫነውን አህያ ስትነዳ ልብ አላለችውም። ገበያ ደርሰን ገብሱን እንደዘረጋን በቅሎ የሚስቡ አንድ ሽማግሌ ፊታችን ቆሙ። ገብሱን ዘገን ያደርጋሉ እንጂ የሚያዩት እኔን ነው።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?» አሉ።

ይህ ከተጠየቀ ቀጥሎ ለጋብቻ አማላጅ ይላካል። እናቴም ራሷ ገበያ ላይ ታይታ ነው በሕፃንነቷ የተዳረችው።

«የኔ ናት አባቴ» አለች። «ምን ያደርጋል፣ የሚጥል በሽታ አለባት። እሳት አጠገብ እንኳ አላስቀምጣትም።»

ሽማግሌው እግዜር ይማራት ብለው በቅሏቸውን ሳቡ። በሽታ የሚባል አያውቀኝም ነበር። የሰማው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየኝ በኀፍረት ተቃጠልኩ፤ ስንመለስም ከእናቴ ኋላ ርቄ ሄድኩ። እሷም አህያውን ነዳች።

ከዚያ ወዲያ እኩዮቼ በየተራ ሲዳሩ እኔን የሚጠይቅ ጠፋ። አድጌ፣ ልቤ የወደደውን አገባሁ። እናቴ ያን ዕለት ያደረገችው ያኔ ነው የገባኝ።

የዛሬ ልጆች ፎቷቸውን ስልክ ላይ ለጥፈው እዩን ይላሉ። እኛ ተደብቀን ነው ያደግነው። ዛሬ ጠዋት ልጄ አርብ ገበያው ካለበት ከተማ ቤት ተከራይታ ልትማር ተነሣች። አህያው በባጃጅ ተተካ እንጂ መንገዱ ያው ነው፤ ፍርሃቱም ያው። አዲስ ሹራቧን ለብሳ በሩ ላይ ቆመችና «አምሮብኛል?» አለችኝ።

እናቴ አንድ ቀን እንኳ አምሮብሻል ብላኝ አታውቅም። ሳላስበው እጄ ድስቱ ጋ ደርሶ ኖሮ አውራ ጣቴ ጠቁሯል። ከጀርባዬ ደበቅሁትና «አምሮብሻል» አልኳት።