እህቴን ለማትረፍ ያስለፈፍኩት ሞት

እህቴ ወልድያ ሐኪም ቤት የተኛችው ጉበቷ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ተገኝቶባት ነው። ከውሻ የሚመጣ ትል ነው አሉን። ሐኪሙ ሳይለሳለስ ነገረኝ፦ «ጉበት ደም የጠገበ ነው። ስቀድ ወደ እሱ የሚገባውን የደም ሥር ለጥቂት ደቂቃ ቆንጥጬ እይዛለሁ፤ ብዙ ከያዝኩት ግን ጉበቱ ይጎዳል። አራት ከረጢት ደም ሳይዘጋጅልኝ ቢላ አላነሳም።» እኔ መስኖ ዳር ያደግኩ የሐብሩ ገበሬ ነኝ፣ ገባኝ። ቦይ ዘግተህ መደቡን ታበጃለህ፤ ሰብሉ እስኪደርቅ ግን ዘግተህ አትውልም።

አንዱን እኔ ሰጠሁ። ባሏ ስኳር ስላለበት አልተቀበሉትም። የደም ባንኩም ተመናምኖ ነበር፤ ሰው ካመጣችሁ ግን ለእሷ የሚሆነውን እንቀይርላችኋለን አሉ። ሦስት ሰው ብቻ!

ቅዳሜ የሰፈራችን ሰው በአይሱዙ ተጭኖ ሊጠይቃት መጣ። ብርቱካኑ፣ ሙዙ፣ «አላህ አፊያ ያርግሽ»፣ «እግዜር ይማርሽ»፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ደም ስል ግን ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመረ። አንዱ «የኔ ደም ቀጭን ነው» አለኝ፤ በሬ ጠልፎ የሚጥል ጎረምሳ! ሌላው አጨዳ ደርሶብኛል አለ። ሦስተኛው ጭራሽ «ሰው ደሙን ሰጥቶ ምን ይቀረዋል?» ብሎ ሊመክረኝ ሞከረ። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ለሐሙስ ተላለፈ። እሷ ቀን በቀን እየከሳች ነበር።

ክፉዎች ቢሆኑ ባልተናደድኩ። ሰው ሲሞት ቅሬያችን፣ ያ ለቀብር የምንረዳዳበት ማኅበር፣ አንድ አባወራ አይቀርበትም። ዝናብ ቢጥል ጎርፍ ቢሞላ ዶማና አካፋውን ይዞ ይወጣል፣ የቀረ ይቀጣል። ለሞተ ጉልበቱን የማይሰስት ሰው ለታመመ ክንዱን ይሰስታል! ይህ ምን የሚሉት ደግነት ነው?

ማክሰኞ ማለዳ በሚኒባስ መርሳ ወረድኩ፣ ከዚያ በባጃጅ መንደራችን ገባሁ። ሞት የሚለፍፈውን የቅሬውን ሰው ፈልጌ «የእህቴን ሞት ጥራ» አልኩት። ፊቴን አይቶ ሌላ አልጠየቀኝም። ብዙም ሳይቆይ ሰው ዶማውን ተሸክሞ ደጄን ሞላው። የቅሬው ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀረብ ብለው «አስከሬኑ መቼ ይደርሳል ልጄ?» አሉኝ።

«አስከሬን የለም አባባ፣ በሕይወት አለች። ዶማችሁን አስቀምጡና ክንዳችሁን ይዛችሁ ኑ!»

ግቢው ተናወጠ። ሟርተኛ ተባልኩ፣ በሞት ይቀለዳል ወይ ተባልኩ። እኔም መታገስ አልቻልኩም።

«ሐሙስ ብትሞት ትመጣላችሁ?»

«እንዴት እንቀራለን!» አሉ ባንድ አፍ።

መጀመሪያ ዶማውን ያስቀመጠው ያ ደሜ ቀጭን ነው ያለው ጎረምሳ ነው። አምስት ሆነው ወልድያ አብረውኝ ወጡ።

ሐሙስ ተቀደደች። ከተዘጋጀው አራት ከረጢት ደም ሦስቱ ገባላት። ዛሬ ድና ሽንኩርቷን ታርማለች።

ቅሬው ግን አልተወኝም። በሐሰት ሞት አስለፍፈሃልና በጉባኤ ይቅርታ ጠይቅ ይሉኛል። አልጠይቅም! ሐሰተኛ ያሰኘኝ የእህቴ መትረፍ ነው። ሞታ ቢሆን ኖሮ ማንም ዋሽተሃል አይለኝም ነበር።