ለፍሬ ያልተረጎምኩላት

ባለፈው ቅዳሜ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ሶፋው ላይ ተጋድማ፣ ከኋላ ወደ ፊት የሚገለጥ የጃፓን የሥዕል መጽሐፍ ታነብ ነበር። እኔ ምስር እየለቀምኩ ነው። ድንገት ቀና ብላ፣ «ማሚ፣ ይቺ ልጅ መስማት እያቃታት ነው፤ ግን ሁሉንም ‹አዎ፣ አዎ› ትላቸዋለች። አልሰማሁም ብትል ምን ትሆናለች?» አለችኝ። ምስሩን አስቀምጬ ሽፋኑን አየሁት። ዩኒፎርም የለበሰች ተማሪ፣ ፀጉሯን ጆሮዋ ላይ አውርዳ። እኔ የማውቀው መጽሐፍ አልነበረም፤ ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ታሪክ አንዴ ጽፈው አልተዉትም ማለት ነው። ለልጄ «እንጃ» አልኳት። ውሸቴን ነበር።

እኔ የማውቀውን መጽሐፍ ሳነብ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። የምንኖረው ዙሉ በሚነገርባት ቶኮዛ ሰፈር፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ነበር። ሱቃችን እዚህ ስፓዛ ከሚሏቸው አንዱ ነው፤ ዳቦውም ወተቱም ሻማውም በብረት ፍርግርግ መስኮት በኩል ነበር የሚሸጠው። ፍሬሕይወት የአክስቴ ልጅ ናት። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ከሆሳዕና ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እሷ እስክትመጣ ድረስ ለስድስት ዓመት ጓደኛ የሚባል ነገር አላውቅም። ትምህርት ቤት የባዕድ ልጅ ነኝ፣ ቤት ደግሞ የአባቴ አስተርጓሚ። ፍሬ ስትመጣ አንድ አልጋ ላይ ተኛን፣ አንድ ሳሙና ተጋራን፣ ከዚያ ወዲያ እሷ ያልነበረችበትን ጊዜ ማሰብ አስጠላኝ።

አባቴ ቅዳሜ ዕቃ ሊገዛ ፎርድስበርግ ወደሚባል የገበያ ሰፈር ሲሄድ ይዞን ይሄድ ነበር። በወረቀት የተጠቀለለ ሳምቡሳ ይገዛልናል፤ ከንፈራችን በሚጥሚጣው እየተቃጠለ በየድንኳኑ እንዞራለን። አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ነው የአንድ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ሁለት ቅጽ ያገኘነው። ታሪኩ ውስጥ አንዲት ተማሪ ጆሮዋ እየደከመ ነው፤ ከጎኗ የሚቀመጠውን ልጅ ትወደዋለች። ካወቀ ያዝንልኛል እንጂ አይወደኝም ብላ ትደብቀዋለች፣ ከንፈሩን እያየች ትመልስለታለች። ፍሬ እንግሊዝኛዋ ገና ስለነበር እኔ ነበርኩ ወደ አማርኛ እየመለስኩ የማነብላት። የሰለቸኝን እዘላለሁ፣ ደስ ያለኝን ከኪሴ እጨምራለሁ፤ አትነቃብኝም ነበር። ሦስተኛውን ቅጽ ፈልገን አጣነው። ስለዚህ ልጅቱ መደበቋ ምን እንዳመጣባት ሳናውቅ፣ እንዴት ያለ ፍቅር ነው እያልን ስንት ቀን አለቀስን።

ፍሬም የምትወደው ልጅ ነበራት፤ ሲቡ ይባላል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ዳቦ ይገዛል፤ ኋላ ኋላ ዳቦ ሳያስፈልገውም ይመጣ ጀመር። ድምፁ ወፈር ብሎ ዝግ ያለ ነው። በፍርግርጉ በኩል የዙሉ ቃል ያስተምራታል፣ እሷ ትደግመዋለች፣ ሲስቅባት እኔ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ሌላ የሆነ ነገር የለም። ለእኛ ግን ያ ብቻውን ከመጽሐፉ አያንስም ነበር።

ግንቦት ላይ፣ እዚህ አገር ብርዱ ሲገባና ቶኮዛ በድንጋይ ከሰል ጭስ ስትታፈን፣ ፍሬ ማሳል ጀመረች። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተባለ፤ ያውም ለተለመደው መድኃኒት የማይበገር ዓይነት። እፍኝ ሙሉ ክኒን፣ ከዚያ ላይ በየቀኑ መርፌ፣ ለስድስት ወር። እናቴ ለጎረቤት «ብርድ መቷት ነው» ትላለች። አንድ ቀን አባቴ ለእናቴ ሲናገር ከበሩ ኋላ ሆነን ሰማነው። «ይሄ ነገር ሌላ ጣጣ ካመጣባት ለእናቷ እመልሳታለሁ። የእህቴን ልጅ በሳጥን አልክላትም።»

ክሊኒክ የማደርሳት እኔ ነበርኩ። ከትምህርት በፊት፣ ሣሩ ላይ ውርጭ እንደተጋገረ እንሄዳለን። መርፌው መቀመጫዋን ስላቆሰለው ስትመለስ እያነከሰች ነው፤ እኔ ትኩስ ማግዊኛ ገዝቼ፣ ያ በዘይት የሚጠበስ ሊጥ ነው፣ እጇን እንድታሞቅበት እሰጣታለሁ። ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሰው አታስተላልፍም ተብላ መስኮቷ ላይ ተመለሰች። ሲቡም መጣ።

በሦስተኛው ወር አንድ ቀን ከሰዓት መብራት ጠፍቶ ሱቁ ጭር ብሏል። ፍሬ ወደ ማዕዘኑ ዞር ብላ፣ «ይሄ ፍሪጅ ዛሬ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚጮኸው?» አለች። ፍሪጁ ከቆመ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ትኩር ብዬ ሳያት እሷም ገባት። ለካ ጆሮዋ ውስጥ እንደዚያ ሲጮህ ሳምንት ሆኖት ኖሯል። «ለጋሼ እንዳትነግሪብኝ» ብላ እጄን ያዘች። ጋሼ የምትለው አባቴን ነው። የሲቡን ስም አላነሳችም፤ እኔ ግን መጽሐፉ ትዝ አለኝ፣ እንዲያውም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ታሪኩ እኛ ቤት የገባ መስሎኝ ልቤ ሞቅ አለ።

መርፌው ጆሮ ሊጎዳ ስለሚችል በየወሩ የሚደረግላት የጆሮ ምርመራ በዚያው ሳምንት ነበር። ፍሬ ማዳመጫ አድርጋ ለመርማሪዋ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ድምፅ በሰማች ቁጥር በእጇ የያዘችውን ቁልፍ ትጫናለች። እኔ አስተርጓሚ ስለሆንኩ ፊት ለፊቷ ነኝ። መርማሪዋ ድምፅ ስትልክ ማሽኑ ላይ አንዲት ትንሽ መብራት ብልጭ እንደምትል ባለፈው አይቻለሁ። መንገድ ላይ ተማክረን ነበር የሄድነው፦ መብራቷ ስትበራ ዓይኔን ጨፈን አደርጋለሁ፣ እሷ ትጫናለች።

ከመጀመሩ በፊት መርፌውን የምትወጋት ሲስተር፣ ነርሶቹን ሲስተር ነው የምንላቸው፣ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለችኝ። «ንገሪያት፤ ጀግና መሆን አያስፈልጋትም። ጆሮዋ ላይ ከጀመራት መርፌው ይቆማል፣ ሌላ መድኃኒት አለ። ጆሮ ግን አንዴ ከሄደ አይመለስም።»

ፍሬ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ሲቡ አልነበረም፣ ስለ ፍሬም አልነበረም። አባቴ ይልካታል፣ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ፣ ይኼው ነው። «በደንብ አዳምጪ ብላሻለች» አልኳት።

አንዲትም ሳትስት ጨረሰች። ሲስተሯ ትከሻዋን መታ መታ አድርጋ አመሰገነቻት። ስንመለስ መንገድ ላይ እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በሚቀጥለውም ወር እንደዚያው አደረግን።

በአምስተኛው ወር ሌላ መርማሪ መጣች፤ በማሽኑና በእኔ መካከል መጋረጃ ሳበች። ፍሬ ቁልፉን ይዛ ጠበቀች። ፊቴን ታያለች፣ እኔም ፊቷን አያለሁ። ምርመራው እስኪያልቅ አንዴም አልተጫነችም። ሲስተሯ ወረቀቱን አገላብጣ ባለፈው ወር ሁሉንም ሰምታ እንደነበር ጠየቀችኝ። አዎ አልኳት።

መርፌው ያን ቀን ቆመ። የቀረላትም ትንሽ መስማት እስከ ገና አልቆየም። ሲቡ ከኋላዋ ሦስት ጊዜ ጠርቷት ሳትዞር ስትቀር ንቃኝ ነው ብሎ መምጣቱን ተወ። እኔ ልነግረው እችል ነበር፤ ያንንም አላደረግሁም። አባቴ ሲነገረው የለስላሳ ሳጥን ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሴት አነባ፤ ልመልሳት የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። የፈራነው ነገር ጭራሽ ሊመጣ አልነበረም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ፤ እኔ ያቦካሁት ይኼው ለሃያ ዓመት በቃ።

ዛሬ ፍሬ ከቶኮዛ አጠገብ ካትሌሆንግ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሳንባዋ ድኗል፣ ሁለት ልጆች አሏት። በእጅ ምልክት ስታወራ የእሷ እጅ ይፈጥናል፣ የእኔ ይንተባተባል፤ ከባድ ነገር ሲሆን እንጻጻፋለን። ልጄ ያን ከጠየቀችኝ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሰኞ ጠዋት ሄጄ የደንበኞቿን ልክ በምትጽፍበት ደብተር ላይ ሲስተሯ ያለችውን ሁሉ፣ እኔም የተውኩትን ጻፍኩላት። የስፌት መኪናዋን አቁማ አነበበችው። ከዚያ እርሳሱን ተቀብላኝ ጻፈች።

«ሲስተሯ መርፌው ይቆማል ስትል ሰምቻታለሁ። እንግሊዝኛዬ ለዚያች ያህል ይበቃ ነበር። አንቺ ስትተረጉሚ ግን አላልሽም። ጆሮዬ ነው ያሳሳተኝ ብዬ አንቺን አመንኩ።»

ይቅር በይኝ ብዬ ከሥሩ ጻፍኩ። አነበበችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ የጀመረችውን ኮሌታ መስፋት ቀጠለች። ሂጂ አላለችኝም። እስከ ምሳ ድረስ ጎኗ ተቀምጬ የተረፈ ክር ስቆርጥላት ቆየሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሁለታችን ተስማምተን ያደረግነው ነው እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው፤ አሁን እሱም የለኝም። ልጅ ነበርሽ ይሉኝ ይሆናል። ልጅስ ነበርኩ፤ ሲስተሯ ያለችው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገብቶኝ ነበር።